እሑድ ያስቀደሰ ሰኞ ሚዛን ይሰርቃል?

የፍቅርና የትዳር ጥያቄ የላካችሁልኝ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወረፋችሁ ተጠብቆላችኋል። ዛሬ ግን ከፍቅረኛችንም ከጓደኛችንም ጋር ከምናሳልፈው የበለጠ ጊዜያችንን ስለሚወስደው ነገር፣ ስለ ሥራ ልናወጋ ነው። ሥራና እምነት! ሁለቱ ይተዋወቃሉ ወይስ ተኳርፈዋል?

እስቲ ከተማችንን እሑድ ማለዳ ተመልከቷት። ነጠላውን ያጣፋው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ የሸጎጠው፣ ሁሉም ወደየደብሩና ወደየጸሎት ቤቱ ይተማል። ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ለጁምዓ የወጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። አምላኩን እንዲህ የሚፈራ ሕዝብ ከወዴት ይገኛል ያሰኛል።

ችግሩ ያለው ሰኞ ላይ ነው። ሰኞ ሲነጋ በርበሬው ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤው ውስጥ ሙዝ፣ እንጀራው ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል እንሰማለን። አንድ ኪሎ ተብሎ የተገዛው ሽንኩርት ቤት ሄዶ ሲመዘን 900 ግራም ሆኖ ቁጭ ይላል። የታክሲው ረዳት መልስ ይረሳል፤ የሚረሳው ግን ሁልጊዜ የተሳፋሪውን እንጂ የራሱን አይደለም። ቢሮ ውስጥ ፋይል ይጠፋል፤ "ለሻይ" የሚሆን ነገር ብቅ ሲል ፋይሉም አብሮ ብቅ ይላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከየት የመጣ ሰው ነው? ከሰማይ ዱብ አላለም። እሑድ አጠገባችን ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ሲዘምር፣ ዓርብ ሲሰግድ ያየነው ሰው ነው። እኛው ነን።

"አሜን" የከበዳት ልጅ

ይህን እንድጽፍ የገፋፋኝ የአንዲት ወጣት ደብዳቤ ነው። ስሟንም ሠፈሯንም አልጠቅስም። ዕድሜዋ 24 ነው፤ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ በገንዘብ ያዥነት ትሠራለች። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላካፍላችሁ።

"የመደብሩን ባለቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። መንፈሳዊ ሰው ናቸው። ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ሳይጸለይ ሥራ አይጀመርም። 'አሜን' ብለን ዞር ስንል ግን ለእኔ የሚሰጡኝ ትእዛዝ ሌላ ነው። ለመንገደኛ ገዢ ደረሰኝ እንዳልቆርጥ፣ ከድርጅት ለሚመጣ የግዥ ሠራተኛ ደግሞ የፈለገውን ዋጋ እንድጽፍለት ነው የሚያዙኝ። 40 ሺህ ብር የተሸጠውን 52 ሺህ ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ። አንድ ቀን 'ጋሼ፣ ይሄ ነገር ኃጢአት አይሆንብንም?' ብላቸው ሳቁና 'ልጄ፣ ንግድ ሌላ መንፈሳዊነት ሌላ! ደሞስ አሥራቱንም የማወጣው ከዚሁ አይደል?' አሉኝ። እናቴ የኩላሊት ሕመምተኛ ናት። ሁለት ታናናሾች አሉኝ። የቤት ኪራዩም የመድኃኒቱም በእኔ ደመወዝ ነው። አሁን አሁን ጠዋት 'አሜን' ስል አፌን ይከብደኛል። ልልቀቅ? ወይስ ኃጢአቱ የእሳቸው ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን?"

ደብዳቤውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ምክንያቱም ይህች ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ስንቱ ወጣት ነው ዲፕሎማውን ይዞ በር ሲያንኳኳ ከርሞ፣ ተከፈተልኝ ብሎ ሲገባ ከእንጀራው ጋር ውሸት የተሰጠው!

ንግድ ሌላ፣ መንፈሳዊነት ሌላ?

በመጀመሪያ የጋሼን አባባል እንመርምር። "ንግድ ሌላ፣ መንፈሳዊነት ሌላ" የሚለው ፈሊጥ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የነበረው ነቢዩ አሞጽ ልክ እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ገጥመውት ነበር። ሰንበትን ያከብራሉ፤ ሱቃቸውን ይዘጋሉ። ልባቸው ግን ሰንበቱ መቼ ባለፈልን እያለ ይቆጥራል። ለምን? መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ዋጋውን አስወድደው፣ ሚዛኑን አጣመው፣ የስንዴውን ግርድ ጭምር ለድሃ ለመሸጥ! ነቢዩ የወቀሳቸው ሰንበትን ሻራችሁ ብሎ አይደለም። ሰንበትን አክብረው በማግስቱ ድሃን ስለሚበሉ ነው።

የኦሪት ዘሌዋውያንን 19ኛ ምዕራፍ ገልጣችሁ ተመልከቱ። ሰንበትን አክብሩ የሚለው ትእዛዝ፣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር የሚለውና እውነተኛ ሚዛን ይኑራችሁ የሚለው እዚያው አንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ነው ያሉት። አምልኮውን ለካህን፣ ሚዛኑን ለነጋዴ ብሎ የከፈለ የለም።

ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። በቅዱስ ቁርኣን 83ኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ሲሰፍሩላቸው ሞልተው እየተቀበሉ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው። በሐዲስ እንደሚነገረውም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ሰደድ ቢያደርጉ ከላይ ደረቅ የነበረው እህል ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው አለ። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነም ነገሩት። ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ! የዛሬው ገበያችንስ ከዚህ በምን ተለየ?

የአሥራቱ ነገር ደግሞ አለ። በተሰረቀ ገንዘብ አሥራት ማውጣት ለእግዜር ጉቦ እንደመስጠት ይቆጠራል። ቀራጩን ዘኬዎስን አስታውሱ። ጌታ ቤቱ በገባ ቀን ምጽዋት መዝርጦ ብቻ አላበቃም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ ካለ በኋላ ያታለልኩት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ንስሐ ማለት ይህ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ። ጧፍ ማብራት ደግ ነው፤ ግን የሠራተኛን የሦስት ወር ደመወዝ ይዞ የሚበራ ጧፍ ለማን ነው የሚያበራው?

ሥራው ራሱ አምልኮ ሲሆን

ብዙዎቻችን ሥራ እርግማን ይመስለናል። አዳም ባይበላ ኖሮ ይሄን ሁሉ አንለፋም ነበር የሚል ቀልድም አለን። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው አዳም ገነትን እንዲሠራትና እንዲጠብቃት የተሾመው ከመሳሳቱ በፊት ነው። እርግማኑ ድካሙ፣ እሾሁና አሜኬላው እንጂ ሥራው አይደለም። ጌታ ኢየሱስ ራሱ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ይታወቅ የነበረው በአናጢነት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚሰብከው።

ገዳማውያኑም ቢሆኑ ቁጭ ብሎ መብላትን አላስተማሩንም። የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ በበረሃ ተስፋ ሲቆርጡ ያዩት ራእይ ይነገራል። መልአኩ ተቀምጦ ገመድ ይፈትላል፣ ይነሣና ይጸልያል፤ እንደገና ተቀምጦ ይፈትላል፣ እንደገና ይነሣና ይጸልያል። መዳንህ እዚህ ውስጥ ነው ተባሉ። ሥራና ጸሎት በአንድ ገመድ ተፈትለዋል ማለት ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ የቀርሜሎስ ገዳም ውስጥ ወንድም ሎውረንስ የሚባል ሰው ነበር። ያልተማረ ስለነበረ ለቅስና አልበቃም፤ ወጥ ቤት አስገቡት፣ በኋላም ጫማ ይጠግን ነበር። ይህ ሰው በድስትና በጭስ መካከል እግዚአብሔርን ማሰብን ልማዱ አደረገ። በመሠዊያው ፊት ሲንበረከክና ወጥ ቤት ውስጥ ሲንጎዳጎድ ልዩነት እንደሌለው ይናገር ነበር። በ1691 እ.ኤ.አ. ሲሞት የቀረው ንግግሩና ጥቂት ደብዳቤዎቹ ናቸው፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ። ጀርመናዊው የሙዚቃ ሰው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ደግሞ በብዙ የሙዚቃ ድርሰቶቹ ግርጌ ሦስት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር፤ ትርጉማቸው "ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ" ማለት ነው።

ሩቅ ምን አስኬደን? ላሊበላ አለልን አይደል! 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በድንጋይ ካብ ሥራ የተበላሸ ድንጋይ ይነሣና ሌላ ይተካል። በውቅር ሥራ ግን መሮው አንዴ ከሳተ የተቆረጠው አይመለስም፤ "ቀለም ስንቀባው አይታይም" አይባልም። ያን ሁሉ የጠረቡትን ሰዎች ስም ማን ያውቃል? ሥራቸው ግን ይኸው 800 ዓመት አለፈው። እኛ ዛሬ የምንሠራው ሕንፃ፣ የምንጽፈው ሰነድ፣ የምንሰፋው ልብስ ስንት ዓመት ይቆማል? አምልኮ ማለት መዝሙር ብቻ አይደለም። ማንም በማያይህ ቦታ ሲሚንቶውን አለማጉደልም አምልኮ ነው።

ጸሎት የሥራ ሰዓት ሲበላ

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ጎን ልንካ፤ አትቆጡኝ። ጸሎተኛ ሆነው ሥራ የሚበድሉ አሉ። ባለጉዳይ ከገጠር ተነሥቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አልጋ ተከራይቶ መጥቷል። መስኮቱ ዝግ ነው። "ወዴት ሄዱ?" ሲል "ሚካኤል ነው፤ ሊሳለሙ ሄደዋል" ይባላል። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም! ቅዱሳኑ ባለጉዳይ አሰልፋችሁ ኑልን ብለዋል እንዴ?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን በተለመደው አሠራር የሥራ ሰዓቱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8፣ ዓርብ 7፣ በጠቅላላው በሳምንት 39 ሰዓት ነው። የዓርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 መርዘሙ ለጁምዓ ሰላትም እንዲያመች ነው። ማለትም ለአምልኮ የሚሆን ጊዜ ተጠብቋል። በዚህ ላይ በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ በማርፈድ፣ በቡና፣ በስልክ፣ በ"መጣሁ" የሚጠፋ ሠራተኛ በሳምንት 5 ሰዓት፣ በ48 ሳምንት ደግሞ 240 ሰዓት ይወስዳል። ለ8 ስታካፍሉት 30 ሙሉ የሥራ ቀን ነው። ከወር በላይ ደመወዝ ሳይሠራ ተበላ ማለት ነው። መሳቢያ ሰብሮ ብር የወሰደውን ሌባ እንለዋለን። ሰዓት የወሰደውንስ ምን እንበለው?

ነቢዩ ዳንኤልን እንደ አብነት ውሰዱት። ሰውየው በባዕድ አገር፣ በአሕዛብ ንጉሥ ቤት ባለሥልጣን ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልያል። ተቀናቃኞቹ ሊያስወነጅሉት ሥራውን ሲበረብሩ ከረሙ፤ ጉድለት አጡበት፤ መዝገቡ ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ ሊከሱት የቻሉት በጸሎቱ ብቻ ነው። እኛስ? ሥራችን ቢመረመር መዝገቡን የሚችለው ማነው?

እህቴ፣ ላንቺ የምለው

አሁን ወደ ደብዳቤዋ ባለቤት ልመለስ። የመለስኩላትን እነሆ።

እህቴ፣ "ነገውኑ ልቀቂ" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ የእናትሽን መድኃኒት የምገዛው እኔ አይደለሁማ! ስለዚህ የባዶ ጀግንነት ምክር አልሰጥሽም። ዓይንሽን ጨፍኚም አልልሽም። "ኃጢአቱ የእሳቸው ነው" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ያዘዘ ሰው ዕዳው ይከብዳል። ብዕሩ ያለው ግን ባንቺ እጅ ነው። ከነፍስሽ አልፎ ሥጋሽንም አስቢ። ያለ ደረሰኝ መሸጥም ሆነ ሐሰተኛ ደረሰኝ መስጠት በአገራችን የግብር ሕግ እስከ እስራት ያስቀጣል። መርማሪ የመጣ ቀን "እኔ አላውቅም፣ ገንዘብ ያዥዋን ጠይቋት" ቢሉስ? ደረሰኙ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?

አንደኛ፣ ጋሼን ለብቻቸው፣ ሰው በሌለበት፣ በአክብሮት አነጋግሪያቸው። በሰው ፊት ያዋረድሽው ሰው ልብ አይሰጥሽም። "ጋሼ፣ ጠዋት አብረን የምንጸልየውን ስለማከብር ነው፤ በእጄ ሐሰት መጻፍ አልችልም፤ ሌላውን ሥራ ሁሉ ከማንም በላይ እሠራለሁ" በያቸው። ሁለተኛ፣ ይህን ከማለትሽ በፊት ጭምር ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምሪ። ሦስተኛ፣ መልቀቅ ግድ ከሆነ በሕጉ ልቀቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፤ የሠራሽበትን ዓይነት፣ ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የማግኘት መብትም አለሽ። ተኳርፈሽ አትሂጂ፤ ወረቀትሽን ይዘሽ ሂጂ።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። እውነት ከተናገርሽ በማግስቱ ሁሉ ነገር ይቃናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ዮሴፍ በጌታው ቤት ታምኖ የጌታውን ሚስት እምቢ ባለ ጊዜ ያገኘው ሹመት ሳይሆን እስር ቤት ነበር። ሹመቱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። "ሐቀኛ ሁኑ፣ ሀብታም ትሆናላችሁ" የሚል ሰባኪ ካጋጠማችሁ ሐቅን እንደ ሎተሪ እየሸጠላችሁ ነውና ተጠንቀቁ። ሐቅ ዋጋ ያስከፍላል። ደግሞም ያዋጣል፤ ግን የሚያዋጣው በራሱ ሰዓት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት አባቶቻችን "እያደር" ያሉት በከንቱ አይደለም።

ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ አጭር መልስ ላከችልኝ። ጋሼ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ለሳምንት አኮረፏት፤ ከዚያ ከገንዘብ መቀበያው አንሥተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯት። ሽያጭ ሲደራ ትታሰብላት የነበረችው ጉርሻ ቀርታባታለች። "ወሩን በዱቤ ነው የምገፋው" ትላለች። ሌላ ሥራ እየፈለገች ነው። "ግን ጠዋት ስንጸልይ እሳቸው ዓይኔን ማየት አቅቷቸዋል፤ እኔ አሜን ስል አልከበደኝም" ብላ ጨርሳለች። ድል ነው ወይስ ሽንፈት? እኔ የማውቀው የእናቷ መድኃኒት አሁንም በንጹሕ ገንዘብ እንደሚገዛ ነው።

ለሁላችንም

ጋሼን ብቻ ወቅሰን እንዳንለያይ። "ያለ ደረሰኝ ስንት ትቀንስልኛለህ?" የምንለው እኮ እኛ ገዢዎቹ ነን። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ላለመክፈል ሻጩን የምናባብለው እኛ ነን፤ ያኔ ሌባው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ለመስክ ሳንወጣ አበል የምንፈርም፣ ፎርጂድ ማስረጃ ይዘን "እግዜር ሥራ ሰጠኝ" ብለን ምስጋና የምናቀርብ፣ ያልሰጠውን በስሙ አንለጥፍበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ለልጆቻችን ባናወርስስ? ስንቱ ነው በልቶ የተቆጨው!

አሠሪዎችም ስሙኝ። ሠራተኛ ሰብስቦ መጸለይ መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጸሎት ግን አለ፤ ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ ሚዛንን ማስተካከል፣ ሠራተኛን ሐሰት አለማስጻፍ። ያኔ ሠራተኛው ሳትሰብኩት ያምናል።

እኛ ወጣቶች ትልቁን ነገር እስክናስተካክል አንጠብቅ። ነገ ጠዋት የሚቻል ነገር አለ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንዲት አጭር ጸሎት፤ ከዚያ በሰዓቱ መግባት፤ የተረፈውን መልስ ሳይጠየቁ መመለስ፤ የተበላሸውን ዕቃ ለገዢው ከመክፈሉ በፊት ማሳየት፤ "አልችልም" የሚባለውን ዛሬውኑ "አልችልም" ማለት። ባለጉዳይ ፊታችሁ ሲቆም እግዚአብሔር የላከው እንግዳ ነው ብላችሁ አስቡ፤ ቁጣችሁ ይበርዳል፣ እጃችሁም ይፈጥናል። ማታ ስትተኙ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ ዛሬ የሠራሁትን ሥራ እንደ መባ አድርጌ ላቀርበው እችላለሁ ወይ? መልሱ "አዎ" የሆነ ቀን እንቅልፋችሁ ጣፋጭ ነው። መልሱ "አይደለም" የሆነ ቀንም ተስፋ አትቁረጡ፤ ነገ ሌላ የሥራ ቀን ነው።

በሉ፣ የሳምንት ሰው ይበለን። የላባችሁን ፍሬ ያብላችሁ!